የጣና ነጭ ዓሦች አንድ ዝርያ ናቸው ወይስ ብዙ?

ከአንዲት የባሕር ዳር መምህርት የቀረበው ጥያቄ፦ «በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። መጽሐፋችን ዝርያ ማለት እርስ በርሳቸው ተዳቅለው መውለድ የሚችል ልጅ የሚያፈሩ ፍጥረታት ስብስብ ነው ይላል። ተማሪዎቼ ደግሞ በዓሣ ገበያው ላይ ነጭ ዓሣ እየተባለ የሚሸጠው ሁሉ አንድ ሆኖ ሳለ፣ በጣና ውስጥ ብቻ 15 የተለያዩ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ ስላቸው አያምኑኝም። ሐይቁ አንድ፣ ውሃው አንድ፣ በመካከላቸው ተራራም ገደልም የለ። ዝርያ መሆናቸው በምን ታወቀ? እንዴትስ ሊለያዩ ቻሉ? ከተለያዩ በኋላስ ተመልሰው መቀላቀል ይችላሉ ወይ?»

የተከበሩ መምህርት፣ ተማሪዎችዎ ያነሡት ጉዳይ ባለሙያዎችንም ለረጅም ዘመን ያከራከረ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስልዎ ወድጃለሁ። መልሱን አስቀድሜ ላስቀምጥ፦ በጣና የሚኖሩት ትልልቆቹ ነጭ ዓሦች አንድ ዝርያ አይደሉም። ይሁን እንጂ ከተለያዩ ገና ብዙ ዘመን ስላልሆናቸው፣ ዝርያን ለመለየት ከምንጠቀምባቸው መስፈርቶች አንዳንዱን በሚገባ ሲያሟሉ ሌላውን የሚያሟሉት በከፊል ነው። ክርክሩ ሁሉ የመነጨው ከዚህ ሲሆን፣ እነዚህን ዓሦች ለትምህርት እጅግ ጠቃሚ የሚያደርጋቸውም ይኸው ነው።

በመጽሐፋችሁ ያለው ትርጓሜ የዝግመተ ለውጥ ሊቅ የነበረው ኤርነስት ማየር እ.ኤ.አ. በ1942 ካቀረበው የተወሰደ ነው፤ በክፍል ውስጥ ሲነገር ግን አንድ ወሳኝ ቃል ይወድቅበታል፤ ይኸውም «በተፈጥሮ» የሚለው ነው። ማየር የተናገረው በበረት ውስጥ ስለተገናኙ ሁለት እንስሳት ሳይሆን፣ በተፈጥሮ አኗኗራቸው እርስ በርስ እየተዳቀሉ ከሌሎች መሰል መንጋዎች ግን በመራቢያ ተለይተው ስለሚኖሩ መንጋዎች ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በቅሎን እንውሰድ። ፈረስ 64፣ አህያ 62 ክሮሞሶም ሲኖራቸው ከሁለቱ የምትወለደው በቅሎ 63 ትይዛለች፤ እነዚህ ክሮሞሶሞች የዘር ሕዋስ በሚሠራበት ጊዜ ጥንድ ጥንዳቸውን አሟልተው ስለማይገጥሙ በቅሎ ከጥቂት እንግዳ አጋጣሚዎች በስተቀር አትወልድም። እዚህ ላይ የመጽሐፉ ትርጓሜ ያለ ችግር ይሠራል። በባሌ ግን ቀይ ቀበሮ ከመንደር ውሻ ጋር ተዳቅሎ መውለድ የሚችል ድቅል እንዳፈራ ታውቋል። «መዳቀል ይችላሉ ወይ?» ብለን ብቻ ብንጠይቅ ቀይ ቀበሮንና ውሻን አንድ ዝርያ ማለታችን ነው። «በተፈጥሮ አኗኗራቸው እየተዳቀሉ አንድ መንጋ ሆነዋል ወይ?» ብለን ስንጠይቅ ግን መልሱ አልሆኑም ነው፤ ድቅሎቹ የታዩት ሰውና ውሻው በበዙበት አካባቢ ሲሆን ቀይ ቀበሮው በአደኑም፣ በአኗኗሩም፣ በዘር ሐረጉም ራሱን ችሎ ቀጥሏል። ስለዚህ ለተማሪዎችዎ «ይችላሉ» ከሚለው ይልቅ «ያደርጉታል» በሚለው ላይ ቢያተኩሩ ግማሹ ግራ መጋባት ይወገዳል ብዬ አምናለሁ።

የማየር ትርጓሜ የማይደርስባቸው ቦታዎችም አሉ። ባክቴሪያዎች የሚራቡት ለሁለት በመከፈል ነው፤ ስለዚህ ማን ከማን ጋር ይዳቀላል ብሎ መጠየቅ ትርጉም የለውም። እ.ኤ.አ. በ1974 በሐዳር የተገኘችው ሉሲም የተመደበችው በአጥንቷ ቅርጽ ነው፤ ከማን ጋር ትዋለድ እንደነበር ማንም ሊያይ አይችልም። ተራርቀው የሚኖሩ መንጋዎችም ሌላ ችግር ናቸው፤ ቢገናኙ ኖሮ ይዳቀሉ ነበር ወይ የሚለውን መገመት እንጂ ማየት አይቻልም። በእነዚህ ምክንያቶች ሌሎች ትርጓሜዎች ቀርበዋል፤ አንዱ በዘር ሐረግ መለየትን፣ አንዱ በአኗኗርና በአመጋገብ የያዙትን ቦታ፣ አንዱ የአካልን ቅርጽ መሠረት ያደርጋል። ተማሪ ይህን ሁሉ ሲሰማ ሳይንቲስቶች አልተስማሙም ብሎ ሊደመድም ይችላል። ኬቪን ዴ ኬይሮስ የተባለው ተመራማሪ ያቀረበውን ማስታረቂያ እኔ የምቀበለው ለዚህ ነው፤ ሁሉም ትርጓሜዎች ዝርያ ማለት ራሱን ችሎ እየተለወጠ የሚጓዝ የዘር ሐረግ መሆኑን ይስማማሉ። የሚለያዩት አንዱ ሐረግ ከሌላው ሲገነጠል ከሚታዩት ምልክቶች የትኛውን እንመን በሚለው ላይ ነው። ምልክቶቹ ደግሞ በአንድ ቀን አይመጡም። የአካል ቅርጽ ቀድሞ ሊለወጥ ይችላል፣ የመራቢያ ቦታና ጊዜ መለየት ሊከተል ይችላል፣ የድቅሎች መምከን ከብዙ መቶ ሺህ ዓመታት በኋላ ሊመጣ ወይም ጨርሶ ላይመጣ ይችላል። መገንጠሉ ገና ጅምር ላይ ያለን ፍጥረት የምንመለከት ከሆነ ምልክቶቹ እርስ በርሳቸው ባይስማሙ ሊያስደንቀን አይገባም።

አሁን ወደ ጣና እንመለስ። ነጭ ዓሣ የምንላቸው ትልልቆቹ ዓሦች በሳይንሱ ላቤዎባርበስ ከሚባለው ወገን ናቸው። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ወደ አገራችን በመጣበት ወቅት ከሐይቁ የወሰዳቸውን ዓሦች መርምሮ የተወሰኑትን በየራሳቸው ስም መዝግቧል። እ.ኤ.አ. በ1940 ጣሊያናዊው ቢኒ ዐሥር ዝርያዎችንና ከሃያ በላይ ንዑስ ዝርያዎችን ዘረዘረ። ይህ ዝርዝር ለሌሎች የማይታመን መስሎ ስለታያቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1973 ባኒስተር የተባለው የእንግሊዝ ባለሙያ በሙዚየም የተቀመጡትን ናሙናዎች መርምሮ ሁሉም የአንድ እጅግ ተለዋዋጭ ዝርያ መልኮች ናቸው ሲል ወሰነ፤ ያንንም ዝርያ ኢንተርሚዲየስ በሚለው ስም ጠራው። ባኒስተርን ሰነፍ ነበር ማለት አይገባም። በአልኮል ውስጥ በተቀመጡ ጥቂት ናሙናዎች ላይ ተመሥርቶ የሚሠራ ሰው አንዱ መልክ ወደ ሌላው እየተሸጋገረ የሚሄድ ሲመስለው ወደ አንድ መጠቅለሉ ጥንቃቄ ነው። የጎደለው ዓሦቹ በሕይወት ሳሉ የት እንደሚውሉ፣ ምን እንደሚበሉና የት እንደሚራቡ ማየት ነበር።

ይህን ያደረጉት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከኔዘርላንድ የመጡት ሌዎ ናገልከርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ፣ ከእነርሱም ጋር የሠሩት ኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ናቸው። ሥራቸው የተጀመረው እዚሁ ባሕር ዳር፣ መረብ ከሚወጣበት ዳርቻ ሲሆን፣ አስጋሪዎቹ ራሳቸው ዓሦቹን በመልክ ለይተው በየስማቸው ይጠሩ እንደነበር አስተውለዋል። ከዚያ በብዙ ዓሦች ላይ ተደጋጋሚ ልኬት ወሰዱ፤ የአፍ ስፋት፣ የዓይን ትልቅነት፣ የራስ ርዝመት፣ የሪዞቹ ርዝመት፣ በመተንፈሻ አካሉ ላይ እንደ ወንፊት የሚያገለግሉት ዘንጎች ብዛት፣ የአንጀት ርዝመት። ልኬቶቹ በአንድ ላይ ሲታዩ ዓሦቹ ዝም ብለው የተበተኑ አልነበሩም፤ በየጎራው ተሰብስበው ተገኙ፤ በጎራዎቹ መካከል የሚወድቀውም ዓሣ ጥቂት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 እና በ2000 ባወጧቸው ክለሳዎች፣ በየወንዙም ከሚገኘው ከኢንተርሚዲየስ ሌላ፣ በዓለም ላይ ከጣና ውጪ የማይገኙ 15 ዝርያዎችን አስቀመጡ። ተማሪዎችዎ የሰሙት ቁጥር ይህ ነው።

ልኬት ለጀማሪ ተማሪ ደረቅ ነገር ስለሆነ ሁለቱን ዓሦች በእጅ ይዞ ማሳየት ይሻላል። በጠዋት ወደ ዓሣ ማውረጃው ቢወርዱ ሜጋስቶማ የሚባለውን ታገኙታላችሁ፤ ሰውነቱ ረዘም ያለ፣ ራሱ ትልቅ፣ አፉ ሲከፈት ጣት አስገብቶ ዙሪያውን መዳሰስ የሚያስችል ሰፊ ነው። አፉ ውስጥ ግን አንድም ጥርስ የለም። የዚህ ቤተሰብ ዓሦች በሙሉ በመንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም፤ ጥርሳቸው ያለው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ጉሮሮ ላይ ነው። ሜጋስቶማ ግን ትናንሽ ዓሦችን እያሳደደ የሚበላ አዳኝ ነው፤ ነክሶ መያዝ ስለማይችል የሚውጠው ከራሱ አካል በጣም የሚያንሱትን ብቻ ነው። አጠገቡ ኔድጂያ የሚባለውን አስቀምጡ። የዚህኛው ከንፈር ወፍራምና ሥጋዊ ሲሆን፣ የታችኛው ከንፈሩ በመካከሉ ወደ ታች የሚንጠለጠል ምላስ መሰል ሥጋ አለው። በዚህ ከንፈር በድንጋይ መካከል እየዳሰሰ የነፍሳት እጮችን ይለቅማል። ሦስተኛ ለመጨመር ብሬቪሴፋለስን ብታገኙ፣ ትንሽ ራስ ያለውና በውሃው ውስጥ የሚንሳፈፉትን ጥቃቅን እንስሳት እያጣራ የሚመገብ ነው። ሱርኪስ የሚባለው ደግሞ የውሃ ውስጥ እጽዋት ይበላል፤ ጎርጎረንሲስ ቀንድ አውጣ መሰሎቹን የውሃ ፍጥረታትም ይጨምራል። በአጠቃላይ ከዝርያዎቹ ስምንቱ ዓሣ በሊታዎች ናቸው፤ ጥርስ አልባ በሆነ ቤተሰብ ውስጥ ይህን ያህል አዳኝ በአንድ ሐይቅ መገኘቱ በዓለም ላይ ተወዳዳሪ የሌለው ነገር መሆኑን ለተማሪዎች መንገር ያኮራል።

የሰላ ተማሪ ግን እዚህ ላይ መጠየቅ አለበት። ውሾችም እኮ በመልክ ይለያያሉ፤ ሆኖም አንድ ዝርያ ናቸው። የአካል ልዩነት ብቻውን ምን ያረጋግጣል? ጥያቄው ትክክል ነው፤ የከንፈር መወፈርን የመሰለ ጠባይ በአንዳንድ ዓሦች ላይ በአመጋገብ ምክንያት በአንድ ሕይወት ዘመን ሊለወጥም ይችላል። ስለዚህ ወሳኙ ማስረጃ የሚገኘው ዓሦቹ በሚራቡበት ቦታ ነው።

ክረምቱ ሲገባና ወንዞቹ ሲሞሉ፣ በተለይ በነሐሴና በመስከረም፣ ከዝርያዎቹ ሰባት ያህሉ ሐይቁን ትተው ወደ ወንዞች ይወጣሉ። ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ፣ ግልገል ዓባይ ዋነኞቹ መንገዶች ናቸው። ዓሦቹ መጀመሪያ በወንዙ አፍ ላይ ይከማቻሉ፤ ከዚያ በደፈረሰው ዋና ወንዝ ሽቅብ ዋኝተው ወደ ትናንሽ ገባሮች ይገባሉ። እዚያ ውሃው ፈጣንና ጥልቀት የሌለው፣ ታቹም ጠጠር ነው፤ እንቁላሉ በጠጠሩ መካከል ስለሚወድቅ ጠራ ያለና ኦክስጅን የሞላበት ውሃ ካላገኘ ይሞታል። በጉማራ ገባሮች ላይ የተደረገው ክትትል ያሳየው ዋና ነገር ሁሉም ዝርያዎች በአንድ ጊዜ አለመውጣታቸውን ነው። አንዱ ቀድሞ ገብቶ እንቁላሉን ጥሎ ሲመለስ ሌላው ይደርሳል፤ ልክ በአንድ የገበያ ሜዳ የማክሰኞ ገበያተኛና የቅዳሜ ገበያተኛ ሳይተያዩ እንደሚኖሩት ነው። በዚህ ላይ እንደ ኔድጂያ፣ ሱርኪስና ጎርጎረንሲስ ያሉት ሌሎቹ በወንዞቹ ውስጥ በመራቢያ ወቅት አይታዩም፤ እነዚህ የሚራቡት በሐይቁ ውስጥ ወይም በዳርቻው እንደሆነ ይታመናል። እንግዲህ ወደ ወንዝ የሚወጣና ሐይቅ ውስጥ የሚቀር ዓሣ ዓመቱን ሙሉ በአንድ መረብ ሊያዙ ይችላሉ፤ በሚዋለዱበት ሰሞን ግን በመካከላቸው ብዙ ኪሎ ሜትር አለ። ተማሪዎችዎ «የለያቸው ነገር የለም» ያሉት ዓሦቹን በገበያ ላይ አይተው ስለሆነ አልፈርድባቸውም፤ የሚለያዩት ሰው በማያያቸው በዚያ አጭር ጊዜ ነው።

የዘረመል ምርመራው ደግሞ ሌላ ዓይነት ምስል ይሰጣል። ከእናት ብቻ በሚወረሰው በማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ሲመረመሩ እነዚህ ዝርያዎች እርስ በርሳቸው እምብዛም አይለያዩም፤ የአንዱ ዝርያ ዓሣ በዘር ዛፉ ላይ ከሌላው ዝርያ ዓሣ አጠገብ ተቀምጦ ይገኛል። በዘር ሐረግ ብቻ የሚፈርድ ባለሙያ ይህን ይዞ አንድ ናቸው ሊል ይችላል። እኔ ግን የማነበው እንዲህ ነው፦ ሁለት መንጋዎች ሲገነጠሉ ከጋራ ወላጆቻቸው የወረሱትን የዘረመል ልዩነት ሁለቱም ይዘው ይሄዳሉ፤ ያ የጋራ ቅርስ በየመንጋው እየጠፋ ሁለቱ ፍጹም እስኪለዩ ብዙ ትውልድ ያልፋል። አመጋገብን የሚወስኑት ጥቂት ዘረመሎች ግን በተፈጥሯዊ ምርጦሽ ግፊት ፈጥነው ሊለወጡ ይችላሉ። ስለዚህ አካሉ የተለያየ፣ መራቢያው የተለያየ፣ ማይቶኮንድሪያው ግን ገና የተቀላቀለ መሆኑ ዝርያዎቹ ወጣት መሆናቸውን ያመለክታል እንጂ ዝርያ አለመሆናቸውን አይመሰክርም።

ምን ያህል ወጣት? የሐይቁን ወለል በመቆፈር የወጣው ደለል ጣና ከ16,000 ዓመታት በላይ በፊት በነበረው ድርቀት ወቅት ደርቆ እንደነበር ያሳያል፤ በደለሉ ውስጥ የጠጠረ አፈርና ከበላዩ የረግረግ ቅሪት ይታያል። ሐይቁ እንደገና ሞልቶ ወደ ዓባይ መፍሰስ የጀመረው ከ15,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው። ሐይቁ በደረቀበት ዘመን ዓሦች የነበሩት በወንዞቹ ውስጥ ብቻ መሆን አለበት። መገንጠሉ በከፊል በወንዞቹ ሳሉ ተጀምሮ ሊሆን እንደሚችል አልክድም፤ በሌሎች የኢትዮጵያ ወንዞችም የዚሁ ወገን ዓሦች በአፍና በከንፈር ቅርጽ ተለያይተው ተገኝተዋል። ሆኖም ዛሬ የምናየው ጥልቅ ውሃውን፣ ዳርቻውንና ወለሉን የተከፋፈለ አኗኗር ሐይቁ ከሞላ በኋላ የመጣ መሆኑ ግልጽ ነው።

ለምን እዚህ? ብዙ ምክንያት ቢኖርም እኔ ቀዳሚውን ቦታ የምሰጠው ለጢስ ዓባይ ነው። ከባሕር ዳር ወደ 30 ኪሎ ሜትር ዝቅ ብሎ የሚገኘው 40 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ይህ ፏፏቴ ከታች የሚመጣን ዓሣ ሁሉ ያግዳል። ከፏፏቴው በታች በዓባይ ሥርዓት የሚኖሩት የናይል ፐርችና ሌሎች ትልልቅ አዳኞች ጣና ደርሰው አያውቁም። በሐይቁ ውስጥ ያሉት የዓሣ ቤተሰቦች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ቆሮሶው፣ አምባዛው፣ የነጭ ዓሣው ቤተሰብና አንድ ትንሽ የድንጋይ ሥር ዓሣ። ዓሣ በማሳደድ ብቻ የሚኖር አዳኝ አልነበረም፣ በክፍት ውሃ ላይ ጥቃቅን እንስሳትን አጣርቶ የሚበላም እንዲሁ። ቦታው ክፍት ሲሆን ከነበሩት መካከል አፉ ሰፋ ያለው ትናንሽ ዓሦችን በመብላት፣ አፉ ጠበብ ያለው እጭ በመልቀም የተሻለ ጥቅም አገኘ፤ መካከለኛው አፍ ያለው ግን ለሁለቱም የማይመች ሆነ። መካከለኛው በየትውልዱ ሲቀነስ መንጋው ወደ ሁለት ጫፍ ይሳባል።

ይህ ሁሉ ግን መዳቀል ካልቆመ በከንቱ ይቀራል፤ ብዙ ጽሑፎች ቶሎ የሚያልፉት ቁልፍ ችግርም ይኸው ነው። ሰፊ አፍ ያለው ከጠባብ አፉ ጋር በየዓመቱ ቢዳቀል ልጆቹ እንደገና መካከለኛ ሆነው ይወለዳሉ፤ ምርጦሹ የለየውን መዳቀሉ ይቀላቅለዋል። በተራራ ወይም በሸለቆ የሚለያዩ መንጋዎች ይህ ችግር የለባቸውም፤ ርቀቱ ራሱ መዳቀልን ይከለክላል። የጭላዳ ዝንጀሮን ብንመለከት የሰሜን ተራሮቹ 44፣ በመካከለኛው ኢትዮጵያ ያሉት 42 ክሮሞሶም እንዳላቸው በቅርብ ጊዜ በተደረገ ጥናት ታውቋል፤ ተራርቀው በመኖራቸው እንዲህ ያለ ትልቅ ልዩነት ያለ ተቃውሞ ሊጸና ቻለ። አብዛኞቹ የዓለም ዝርያዎች የተፈጠሩት በዚህ መንገድ እንደሆነ ብዙዎቻችን እንስማማለን። በአንድ ውሃ ውስጥ ግን ለመለየት የሚበላበትና የሚዋለድበት ቦታ አብሮ መለወጥ አለበት። በጣና ይህ እንዴት ሊሆን እንደሚችል ከነጭ ዓሣው ቤተሰብ የሆኑ ሌሎች ትናንሽ ዓሦች ጥሩ ምሳሌ ይሆናሉ። ሁሚሊስ የሚባለው በዳርቻው ጥልቀት በሌለው ውሃ ይኖራል፤ እ.ኤ.አ. በ2000 እንደ አዲስ ዝርያ የተመዘገበው ታናፔላጂየስ ደግሞ ከዳርቻው ርቆ በክፍቱ ውሃ ላይ ይኖራል። በዘረመል እጅግ ተቀራራቢ ናቸው። ምግባቸውን ተከትለው ተለያይተው በመዋላቸው የሚገናኙበት ዕድል ቀነሰ፤ ዕድሉ በቀነሰ ቁጥር ደግሞ ምርጦሹ የሠራው ልዩነት አይፈርስም። በትልልቆቹ ነጭ ዓሦችም ዓሣው ወደ ተፈለፈለበት ገባር የመመለስ ጠባይ ካለው፣ ትንሽ የጊዜ ወይም የቦታ ልዩነት ከትውልድ ወደ ትውልድ ሊሰፋ ይችላል፤ ብዙ ተመራማሪዎች እንዲህ ነው ብለው ይጠረጥራሉ።

ዝርያ ሁልጊዜ በዝግታ አይፈጠርም የሚለውንም ባጭሩ ላንሣ፤ ምሳሌው በጎጃም ማሳ ላይ አለ። ለፓስታ የሚሆነው ዱረም ስንዴ 28 ክሮሞሶም አለው፤ የዳቦ ስንዴው 42። የዳቦ ስንዴ የተገኘው ከ10,000 ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ አራት እጥፍ ክሮሞሶም ያለው ስንዴ ከአንድ የዱር ሣር ጋር ተዳቅሎ የክሮሞሶሙ ብዛት በመደረቡ ነው። እንዲህ ያለው ድቅል ገና ሲፈጠር ከወላጆቹ ጋር መራባት ያስቸግረዋል፤ ስለዚህ በጥቂት ትውልድ ውስጥ ዝርያ ይሆናል። የሚገርመው የእኛ ነጭ ዓሦችም ባለ ስድስት እጥፍ ክሮሞሶም ናቸው፤ 150 ያህል ክሮሞሶም አላቸው። ይህ መደራረብ ግን የመላው ወገን ጥንታዊ ውርስ ስለሆነ በጣና ውስጥ ያሉትን ዝርያዎች እርስ በርስ የለየው እርሱ አይደለም። አንዳንድ ተማሪ ሁለቱን ሊያምታታ ስለሚችል ነው የጠቀስኩት።

የመጨረሻው ጥያቄዎ ተመልሰው መቀላቀል ይችላሉ ወይ የሚል ነው። አዎን፣ ይችላሉ፤ በሌላ አገርም ታይቷል። በቪክቶሪያ ሐይቅ ሴቶቹ ወንዶቹን በቀለም እየመረጡ ይኖሩ የነበሩ የቆሮሶ ዘመዶች፣ ውሃው ሲደፈርስ ቀለሙ ስለማይታይ ልዩነታቸው መደብዘዙን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 አሳይተዋል። በካናዳ ኢኖስ በሚባል ትንሽ ሐይቅ አብረው የኖሩ ሁለት የዓሣ ዝርያዎች ሐይቁ ከተለወጠ በኋላ በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ ወደ አንድ የድቅል መንጋ ተጠቃለዋል። የጣና ዓሦች በቀለም ስለማይለያዩ የቪክቶሪያው ምክንያት በቀጥታ አይሠራባቸውም። የእነርሱ ድንበር የጠጠር አልጋና የወቅት ድንበር ነው። ስለዚህ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው፤ በተራቆቱት ኮረብታዎች ምክንያት የሚመጣው ደለል ጠጠሩን ሲሸፍን፣ አሸዋና ጠጠር ለግንባታ ሲወጣ፣ ገባሩ ለመስኖ ሲጠለፍ ወይም በግድብ ሲዘጋ፣ ቀድሞ በየቦታውና በየሳምንቱ ተለይተው ይራቡ የነበሩት ዝርያዎች በቀረችው ጥቂት የጠጠር አልጋ ላይ በጥቂት ቀናት እንዲገናኙ ይገደዳሉ። እንስሳ በተፈጥሮ አኗኗሩ የማይፈጽመውን መዳቀል የሚፈጽመው በበረት እንዳለ እንዲህ ሲጨናነቅ ነው፤ ድቅሎቹም መውለድ የሚችሉ ስለሚሆኑ የሚያግዳቸው የለም።

መረቡም የራሱን ጉዳት አድርሷል። በሞተር ጀልባ የሚደረገው የንግድ ዓሣ ማስገር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ከተስፋፋ በኋላ፣ ለመራባት በወንዝ አፍ ላይ የተከማቹት ዓሦች በገፍ ስለተያዙ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ውስጥ የእነዚህ ዓሦች ክምችት ወደ አንድ አራተኛው ገደማ ወርዷል። አንድ ዝርያ ሲመናመን ደግሞ የራሱን ወገን ማግኘት ስለሚያዳግተው ከሌላው ጋር የመዳቀል ዕድሉ ይጨምራል፤ ይህ በሌሎች እንስሳት ላይ በተደጋጋሚ የታየ ነው።

በክፍል ውስጥ ይህን ለማሳየት ከፈለጉ፣ ከማውረጃው የተለያዩ ነጭ ዓሦችን ይግዙና ተማሪዎቹ ስም ሳይነገራቸው የአፍ ስፋትን ከራስ ርዝመት ጋር እያነጻጸሩ እንዲለኩ፣ ከዚያም የሆድ ዕቃቸውን ከፍተው የበሉትን እንዲመዘግቡ ያድርጉ። ልኬቱን በግራፍ ላይ ሲያስቀምጡት ነጥቦቹ በየጎራው መሰብሰብ አለመሰብሰባቸውን ራሳቸው ያዩታል። ነሐሴ ላይ ከሆነም የእንቁላሉን መብሰል ይመልከቱ፤ በዚያው ዕለት በአንድ መረብ ከተያዙት መካከል የአንዱ ዝርያ እንቁላል ለመፍሰስ የደረሰ፣ የሌላው ገና ጥሬ፣ የሦስተኛው ደግሞ ጥሎ የጨረሰ ሊሆን ይችላል።